የዳሌ ኢምፕላንትን በኮምፒውተር ሞዴል ማሻሻል፦ ከጥያቄው እስከ መፈተሻ ማሽኑ

ሶፍትዌሩን ገና አትክፈቱ። መጀመሪያ ወረቀት አውጡና «ይህ ሞዴል የሚመልስልኝ ጥያቄ…» ብላችሁ ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ካቃታችሁ ሞዴል የመሥራት ጊዜው አልደረሰም። «ይህ ኢምፕላንት ጥሩ ነው ወይ?» የሚለውን ኮምፒውተር አይመልሰውም። «ግንዱን ከ150 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ባሳጥረው፣ ታካሚው ደረጃ ሲወጣ በብረቱና በአጥንቱ መካከል ያለው መንሸራተት በምን ያህል ይጨምራል?» የሚለውን ግን ይመልሳል። ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደሚለካና ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ተለይቶ ታውቋልና።

መመሪያው የምህንድስና መሠረት ኖሯቸው የመጀመሪያቸውን የዳሌ ሞዴል ሊሠሩ ለተነሡ ነው። በቃላቱ እንግባባ፦ ኢምፕላንት የምለው በተጎዳ የዳሌ መገጣጠሚያ ፈንታ የሚተከለውን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ነው። ግንድ የምለው በጭን አጥንት የመቅኒ ቦይ ውስጥ የሚገባውን ስቴም ነው። በግንዱ አንገት ላይ ኳስ ይሰካል። በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ካፕ ይተከላል፣ በካፑና በኳሱ መካከል ደግሞ ላይነር፣ ማለትም ኳሱ የሚንሸራተትበት የካፑ ውስጣዊ ሽፋን አለ።

1. የትኛውን ብልሽት እንደምትፈሩ ወስኑ

ኢምፕላንት በአንድ መንገድ ብቻ አይበላሽም። ግንዱ ሊሰበር፣ ከአጥንቱ ሊላላ፣ ላይነሩ ሊፋቅ፣ ኳሱ ሊወልቅ፣ በዙሪያው ያለው አጥንትም ሥራ ፈትቶ ሊሳሳ ይችላል። እያንዳንዱ የየራሱን ሞዴል ይፈልጋል። ጀማሪዎች ሲሳሳቱ የማየው ሁሉንም በአንድ ግዙፍ ሞዴል ሊይዙ ሲሞክሩ ነው።

ለስብራት ብረቱንና የመፈተሻ ማሽኑን አያያዝ ብቻ መሥራት ይበቃል፤ የታካሚ አጥንት አያስፈልግም። ለመውለቅ ፋይናይት ኤለመንት (አካሉን ኤለመንት በሚባሉ ጥቃቅን ቁራጮች ከፋፍሎ የሚያሰላ ዘዴ) እንኳ አይጠይቅም። ኳሱን፣ አንገቱንና ካፑን እንደማይታጠፉ ጠጣር አካላት ወስዳችሁ፣ እግሩን በሁሉም አቅጣጫ እያዞራችሁ አንገቱ የካፑን ጠርዝ የሚነካበትን ማዕዘን መመዝገብ ነው። ለመላላትና ለአጥንት መሳሳት ግን አጥንቱ ራሱ ያስፈልጋል፤ ከባዱም ሥራ እዚያ ነው።

መፋቅ ለብቻው ይታይ። የተለመደው ስሌት የአርቻርድ ሕግ ነው፦ የሚፋቀው መጠን የጭነቱ፣ የተንሸራተተው ርቀትና የአንድ ቋሚ ቁጥር ብዜት ነው። ኳሱ በሰፋ ቁጥር በአንድ እርምጃ የሚንሸራተተው ርቀት በዚያው ልክ ይረዝማል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ የ36 ሚሊ ሜትር ኳስ ከ28ቱ በ29 በመቶ ገደማ የበለጠ ላይነር ይፍቃል፤ በአንጻሩ በቀላሉ አይወልቅም። ቋሚውን ቁጥር ሞዴሉ አይወልደውም፤ ከመፋቂያ ማሽን መምጣት አለበት። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ቴፍሎን እጅግ አንሸራታች ስለሆነ መረጠው፤ ቁሱ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በታካሚዎቹ ዳሌ ውስጥ ተበልቶ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፖሊኢትሊን ወደሚባለው ፕላስቲክ ዞረ፣ ኳሱንም ሆን ብሎ ትንሽ፣ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ አደረገው። ዝቅተኛ ሰበቃ ማለት ዝቅተኛ መፋቅ ማለት አይደለም።

2. በእጅ አስሉ

ይህን እርምጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። ግንዱን እንደ ክብ ዘንግ ውሰዱት። 2300 ኒውተን ጭነት ከግንዱ መሐል በ40 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ቢያርፍ የሚፈጠረው የመታጠፍ ሞመንት 92,000 ኒውተን ሚሊ ሜትር ነው። የግንዱ ዲያሜትር 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከመታጠፍ የሚመጣው ከፍተኛ ስትረስ (በአንድ የስፋት መለኪያ ላይ የሚያርፈው ኃይል) ወደ 540 ሜጋፓስካል ይደርሳል። 14 ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁት ወደ 340 ይወርዳል።

ደስ ብሏችሁ ከማወፈራችሁ በፊት ሁለተኛውን ስሌት ሥሩ። ስትረስ የሚቀንሰው በዲያሜትሩ ሦስተኛ ኃይል ነው፤ ግትርነት የሚጨምረው ግን በአራተኛው ነው። ያችው 2 ሚሊ ሜትር ግንዱን 85 በመቶ ይበልጥ ግትር አደረገችው። ግትር ግንድ ጭነቱን ለራሱ ይወስድና ለላይኛው የጭን አጥንት አያካፍልም። ሥራ ያጣ አጥንት ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። እንግዲህ ከሞዴሉ በፊት የንድፉን ዋና ፍጥጫ በአንድ ገጽ ወረቀት አገኛችሁት። በኋላ ኮምፒውተሩ ከዚህ ቁጥር በአሥር እጥፍ የራቀ ነገር ከሰጣችሁ ማንን እንደምትጠረጥሩ ታውቃላችሁ።

3. አጥንቱን ከሲቲ ስካን አውጡ

የሚያስፈልገው ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሳ ሲቲ ስካን ነው፤ ብረት ካለ ምስሉ በጨረር ጥላ ይበላሻል። የምስሎቹ ንብርብር ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የታካሚው ስምና መለያ ከፋይሉ ውስጥ መጥፋቱን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ የፋይሉን ስም መቀየር ብቻ ውስጡ ያለውን መረጃ አያጠፋም። ስካን ለማግኘት ከተቸገራችሁ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያቀረበው የቪዚብል ሂውማን ፕሮጀክት መረጃ ለመማሪያ ይሆናል።

አጥንቱን ከሥጋው ለመለየት ስሪዲ ስላይሰር የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ራስ ሰር መለያው የጭን አጥንቱን ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ጋር ማጣበቅ ይወዳል፤ መገጣጠሚያው ጋ ስትደርሱ ንብርብር በንብርብር በእጃችሁ ለዩ። ገጽታውን ስታለሰልሱም ተጠንቀቁ፦ አብዝታችሁ ካለሰለሳችሁት ጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ይቀጥናል።

4. ለእያንዳንዱ ቁስ ባሕርይ ስጡ

ብረቱ ቀላል ነው። የቲታኒየም ቅይጥ የያንግ ሞዱለስ (የቁሱ የግትርነት መለኪያ) ወደ 110 ጊጋፓስካል፣ የኮባልት ክሮም ከ210 በላይ ነው። የአጥንት ሲሚንቶ 2 እና 2.5 መካከል ይገኛል፣ ፖሊኢትሊን 1 ገደማ ነው። ጠንካራው የጭን አጥንት ቅርፊት በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ 17 ነው። ቲታኒየም «እንደ አጥንት ነው» የሚሉ የሽያጭ ወረቀቶችን ስታነቡ ይህን ልዩነት አስታውሱ።

ስፖንጃማው አጥንት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ማለፍ አይቻልም። መንገዱ እንዲህ ነው፦ የሲቲውን የግራጫ ደረጃ፣ እፍጋቱ በታወቀ መለኪያ ናሙና (ፋንተም) አማካይነት ወደ እፍጋት ትቀይራላችሁ፣ እፍጋቱን ደግሞ ወደ ሞዱለስ። ለጭን አጥንት አንገት በሰፊው የሚሠራበት ቀመር 6850 ሲባዛ በእፍጋት 1.49ኛ ኃይል ነው። እፍጋቱ በግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር ሲገባ ሞዱለሱ በሜጋፓስካል ይወጣል። በ0.4 እፍጋት ወደ 1750፣ በ0.6 ወደ 3200 ይሰጣል። እፍጋቱ በግማሽ ጨመረ፣ ግትርነቱ ግን በ83 በመቶ! በፋንተም ያልተስተካከለ ስካን የሚያመጣው ትንሽ የእፍጋት ስሕተት በሞዱለሱ ላይ አብጦ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ለእያንዳንዱ ኤለመንት የሚያድል ቦንማት የተባለ ፕሮግራም በጣሊያን ቦሎኛ የሚገኘው የሪዞሊ ተቋም ሠርቷል። ከጨረሳችሁ በኋላ የአጥንቱን ውጫዊ ገጽ በሞዱለስ ቀለም አሳይታችሁ ተመልከቱ። ጠርዝ ላይ ያሉት የምስል ነጥቦች ከአጥንትም ከሥጋም ስለሚደባለቁ፣ ጠንካራ መሆን የነበረበት ቅርፊት ለስላሳ ሆኖ ካገኛችሁት አትገረሙ፤ አርሙት።

አሃዶቹን ደግሞ ከመጀመሪያው ሚሊ ሜትር፣ ኒውተንና ሜጋፓስካል አድርጉና አትንኳቸው።

5. ብረቱና አጥንቱ የሚገናኙበትን ገጽ በጥንቃቄ ሥሩ

ዕድሜዬን የበላው ይህ እርምጃ ነው፤ የሞዴሉን እውነተኛነትም ከሁሉ በላይ የሚወስነው እሱ ነው። ሶፍትዌሮች ሁለት አካላት ሲገናኙ በራሳቸው «የተጣበቀ» ብለው ይጀምራሉ። በተጣበቀ ገጽ መንሸራተት የለም፤ ውጤቱ ያማረ፣ ስሌቱም ፈጣን ይሆናል። ነገር ግን የተጣበቀ ግንድ ማለት አጥንቱ ወደ ሽፋኑ ቀዳዳዎች አድጎ ከያዘው ከወራት በኋላ ያለው ግንድ ነው። ታካሚው በቀዶ ጥገናው ማግስት ሲቆም ግንዱን የያዘው ሰበቃና በቦዩ ውስጥ ተጨንቆ መግባቱ ብቻ ነው። ይያዛል ወይስ አይያዝም የሚለው ዕጣም በእነዚያ ሳምንታት ይወሰናል።

ስለዚህ ያለ ሲሚንቶ ለሚተከል ግንድ ሁለት ሞዴል ሥሩ። በመጀመሪያው ገጹ በሰበቃ ይንሸራተታል፤ ለተራ ሸካራ ገጽ ከ0.3 የሰበቃ መጠን መነሳት የተለመደ ነው፣ ለቀዳዳማ ሽፋን ከፍ ይላል። በሁለተኛው ገጹ ይጣበቃል። ከመጀመሪያው መንሸራተቱን ታነባላችሁ፤ ከሁለተኛው የረጅም ጊዜውን የጭነት ክፍፍል።

መንሸራተቱን ለመመዘን በእንስሳት ሙከራዎች የተገኙ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ወደ 40 ማይክሮ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች ከሆነ አጥንት ያድጋል፤ ከ150 በላይ ሲሆን በአጥንት ፈንታ ለስላሳ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ይተካል። በመካከላቸው ያለው አወዛጋቢ ቀጠና ነው፤ እንደ ግንብ ድንበር አትያዟቸው።

አንድ የእጅ ጥበብ ልጨምር። ጭነቱን አንድ ጊዜ ብቻ ጭናችሁ አትለኩ። በመጀመሪያው ዙር ግንዱ ቦታውን እየያዘ ይሰምጣል፤ ያ መስመጥ እንጂ መወዛወዝ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ዙር ጫኑና አንሱ፣ መንሸራተቱን ከመጨረሻው ዙር አንብቡ። ይህን ሳላውቅ ያወጣሁት የመጀመሪያ ውጤቴ ሁሉንም ግንድ «የማይሆን» ብሎ ፈርዶባቸው ነበር።

6. እውነተኛ ጭነት ጫኑ

ጭነቱን መገመት አያስፈልግም፤ ተለክቷል። በበርሊን ጌኦርግ በርግማንና ባልደረቦቹ መለኪያ መሣሪያ የተገጠመለት ኢምፕላንት በታካሚዎች ዳሌ ውስጥ ተክለው፣ ሰዎቹ ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲቀመጡ የሚመጣውን ኃይል በቀጥታ መዘገቡ። መረጃው ኦርቶሎድ በሚባለው ክምችት በነፃ ይገኛል። በ4 ታካሚዎች ላይ በተደረገውና በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው ልኬት፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲራመዱ በመገጣጠሚያው ላይ ያረፈው ኃይል በአማካይ የሰውነት ክብደት 238 በመቶ ነበር። ደረጃ ሲወጡ 251፣ ሲወርዱ 260። በእንቅፋት ሲደናቀፉ ከ8 እጥፍ በላይ የዘለለበት ጊዜም ተመዝግቧል።

75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክብደቱ 736 ኒውተን ነው፤ ሲራመድ ዳሌው ወደ 1750 ይሸከማል፣ ሲደናቀፍ ወደ 5900። ነገር ግን ከኃይሉ ይልቅ አቅጣጫውን ተመልከቱ። ደረጃ መውጣት ከመራመድ በኃይል የሚበልጠው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ግንዱን በቦዩ ውስጥ ለመጠምዘዝ የሚሞክረው ሞመንት ግን በአማካይ በ23 በመቶ ይበልጣል። ግንድን የሚያላላው ይህ ጥምዘዛ ስለሆነ፣ መንሸራተትን በመራመድ ጭነት ብቻ የፈተሸ ሰው ቀላሉን ፈተና ነው ያለፈው።

የጡንቻዎችንም ኃይል ጨምሩ፤ ቢያንስ እግርን ወደ ጎን የሚገፉትን የመቀመጫ ጡንቻዎች። እነሱ ከሌሉ የጭን አጥንቱ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል። የአጥንቱን የታችኛ ጫፍ ስትይዙም ከግንዱ ጫፍ በደንብ ራቁ፣ አለዚያ የያዛችሁበት ቦታ ውጤቱን ይበክለዋል።

ግራና ቀኝንም እዩ! አንድ ጊዜ የግራ አጥንት ላይ የቀኝ እግር ጭነት ጭኜ ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ቀለሞቹ ያማሩ ነበሩ፤ ምንም የሚያስጠረጥር አልነበረም። የያዘኝ የጭነቱን ቀስት በአጥንቱ ላይ ስዬ ያሳየሁት ቀዶ ሐኪም ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ወዴት እየሄደ ነው?» አለኝ።

7. ሜሹን አጥሩ፣ ግን በልኩ

ሜሽ ሞዴሉ የተከፋፈለበት የኤለመንቶች መረብ ነው፤ ማጥራት ማለትም ኤለመንቶቹን ማሳነስ ነው። ባለ 10 ኖድ ቴትራሄድሮን (ስሌቱ በ10 ነጥቦች የሚካሄድበት ባለ አራት ገጽ ኤለመንት) ለአጥንት ቅርጽ ይስማማል። በአጥንቱ አካል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ በመገናኛ ገጹና በአንገቱ መጋጠሚያ ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ የኤለመንቱን መጠን በግማሽ እየቀነሳችሁ ድገሙ፤ የምትለኩት ነገር ከ5 በመቶ በታች ሲለወጥ ይበቃል። ባጠራችሁ ቁጥር ስትረሱ ያለማቋረጥ የሚያድግበት ነጥብ ካገኛችሁ፣ ያ የሒሳብ ቅዠት እንጂ የኢምፕላንት ድክመት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ማለስለሻ ቅስት ያልተሰጠው ስል ጥግ ነው።

ስሌቱን ከሚፈቱት ሶፍትዌሮች አባከስና አንሲስ ውድ ናቸው፤ ፌቢዮ፣ ካልኩሊክስና ኮድ አስተር ግን ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

8. ቅርጹን ከመቀየራችሁ በፊት ታካሚውንና ቀዶ ሐኪሙን ቀያይሩ

በአንድ አጥንት፣ በአንድ ክብደት፣ በትክክል መሐል ላይ በተተከለ ግንድ የተገኘ ውጤት የሚናገረው ስለ አንድ ዕድለኛ ሰው ነው። በእውነተኛው የቀዶ ጥገና ክፍል ግንዱ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያዘነብላል፤ ካፑ ከታሰበው ማዕዘን ይወጣል፤ አጥንቱ የሳሳ አረጋዊም 110 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳም ይመጣል። እነዚህን ተለዋዋጮች በላቲን ሃይፐርኪዩብ ናሙና (የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ክልል በእኩል በሚሸፍን አመራረጥ) አሰራጭታችሁ 100 ያህል ሩጫ አሂዱ። ሁለት ንድፎችን ስታነጻጽሩ አማካያቸውን ሳይሆን ከመቶው ውስጥ የመጨረሻዎቹን አምስት መጥፎ ውጤቶች ተመልከቱ። በአማካይ 10 በመቶ የሚሻል፣ ትንሽ ሲያዘነብል ግን የሚፈርስ ንድፍ ደጋግሞ ያጋጥማል። እኔ አልመርጠውም።

9. አሁን ንድፉን አሻሽሉ

የሚቀየሩትን ነገሮች ከአራት ወይም ከአምስት አታሳልፉ፦ ርዝመት፣ የመስቀለኛ ቅርጽ፣ የመጥበብ ማዕዘን፣ ሽፋኑ የሚደርስበት ከፍታ፣ ምናልባትም ውስጣዊ ቀዳዳማነት። በናሙና ሩጫዎቹ ላይ ፈጣን ምትክ ሞዴል (የሙሉውን ሞዴል ውጤት የሚገምት ቀላል ቀመር) ገንቡና ፍለጋውን በእሱ ላይ አካሂዱ፤ የተገኙትን እጩዎች ወደ ሙሉው ሞዴል መልሱ።

ግቦቹ ግን ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። በ1970ዎቹ አጥንቱ እንዳይሳሳ ተብሎ በብረት አስኳል ዙሪያ ፕላስቲክ የለበሰ፣ እንደ አጥንት የሚታጠፍ ግንድ ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ግንዱ ሲለሰልስ ጭነቱ በላይኛው መገናኛ ገጽ ላይ ተከመረና ብዙዎቹ ቀድመው ላሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሪክ ሃውስከስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በኮምፒውተር ሞዴል ይህንኑ አሳዩ፦ ለስላሳ ግንድ የአጥንትን መሳሳት ይቀንሳል፣ በመገናኛው ላይ ያለውን ስትረስ ግን ያንራል። ዛሬ በስሪዲ ኅትመት የሚሠሩት ቀዳዳማ የቲታኒየም ግንዶችም ከዚሁ ሚዛን አያመልጡም፤ ጥቅማቸው ልስላሴውን ከቦታ ቦታ ማለያየት መቻሉ ነው። ስለዚህ አንዱን ግብ በአግድም፣ ሌላውን በቁም አድርጋችሁ እጩዎቹን ሳሉና፣ አንዱን ሳይጎዱ ሌላውን ማሻሻል የማይቻልባቸውን ነጥቦች ለቀዶ ሐኪሙ አቅርቡ። ከዚያ መምረጥ የእሱም ድርሻ ነው።

10. ወደ መፈተሻ ማሽኑ ውሰዱት

ማረጋገጫው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሞዴሉን መፈተሽ ነው፦ በሰው ሠራሽ የጭን አጥንት ላይ የስትሬን መለኪያዎች (የገጹን መለጠጥ የሚለኩ) ለጥፋችሁ ጫኑና በዚያው ነጥብ ሞዴሉ ከሰጠው ጋር አስተያዩ። ሞዴሉ ለሚወስነው ውሳኔ ምን ያህል ማረጋገጫ እንደሚበቃ ለመመዘን የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪ ኤንድ ቪ 40 የተባለ መለኪያ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሞዴሉ ቢሳሳት የሚደርሰው ጉዳት በከፋ ቁጥር ማስረጃውም ይብዛ።

ሁለተኛው ኢምፕላንቱን መፈተሽ ነው። አይ ኤስ ኦ 7206 በተባለው ዓለም አቀፍ የፈተና መስፈርት ክፍል 4 መሠረት መደበኛ ርዝመት ያለው ግንድ ከኳሱ መሐል 80 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ በሲሚንቶ ይያዛል፣ በአንዱ አቅጣጫ በ10፣ በሌላው በ9 ዲግሪ ያዘነብላል፣ እስከ 2300 ኒውተን የሚደርስ ጭነት 5 ሚሊዮን ጊዜ ይመታዋል። አንገቱ በክፍል 6 ለብቻው በ5340 ኒውተን 10 ሚሊዮን ጊዜ ይፈተናል። በሴኮንድ 10 ጊዜ ቢመታ 5 ሚሊዮኑ ስድስት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የመፋቅ ፈተናው በሴኮንድ አንድ ዙር ስለሚሄድ ለዚያው 5 ሚሊዮን ሁለት ወር ይጠጋል። ከሃያ ንድፍ ውስጥ የትኞቹ ሁለቱ ወደ ማሽኑ እንደሚሄዱ መለየት የሞዴሉ ሥራ ነው።

ሞዴሉና ፈተናው ካልተስማሙ ልዩነቱን አንብቡት። በሁሉም መለኪያዎች ላይ በአንድ ዓይነት መጠን ከራቀ ሞዱለሱን ወይም አሃዱን ጠርጥሩ። በአንድ ጫፍ ብቻ ከራቀ አያያዙን። መላ ቅጡ ከጠፋ መለኪያዎቹ የተለጠፉበትን ቦታ እንደገና ለኩ። ግንዱ ሞዴሉ ካመለከተው ቦታ ውጭ ከተሰበረ ደግሞ ቁራጩን አትጣሉት፤ ስንጥቁ የጀመረበትን ነጥብ በማይክሮስኮፕ ፈልጉ። ቲታኒየም ጭረትን አይታገሥም፣ በአንገቱ ላይ በሌዘር የተጻፈ መለያ ቁጥር እንኳ የስንጥቅ መነሻ ሆኖ ያውቃል። በእናንተ ሞዴል ውስጥ ያ ጽሑፍ አልነበረም። ስንጥቁ ከፊደል ላይ ተነስቶ ከሆነ ሜሹን ተዉትና ጽሑፉን ስትረስ ወደማይደርስበት ቦታ አዛውሩት።